ኮች የሺና የመሃሉ መንገድ

የአሰልጣኛችንን የኮች የሺን ዕረፍት የሰማሁት አብራን ትሮጥ ከነበረችው ከጫልቱ ነው። ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ ልብና ስለ ደም ዝውውር አስተምሬ ገና ከክፍል መውጣቴ ነበር። ስልኩን ሳነሳ ጫልቱ "ሰናይት፣ ኮች ዐረፉ" አለችኝ። እንደማይቆዩ ሁለታችንም እያወቅን ነው የሰነበትነው። ቢሆንም የመምህራን ማረፊያው በር ላይ ተቀምጬ፣ የደወል ሰዓት ደርሶ ተማሪዎቹ በአጠገቤ እየተንጋጉ ሲያልፉ፣ መነሳት አቃተኝ።

በማግስቱ ለቀብር የመጣው ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሞልቶ እስከ አስፋልቱ ወጣ። ግማሹ ጥቁር የለበሰ የሰፈር ሰው ነው፤ ግማሹ ደግሞ በቱታ የመጣ ሯጭ ነው። ከቢሾፍቱ፣ ከአርሲ ነገሌ፣ ከአሰላ ሚኒባስ ተኮናትረው የመጡ ነበሩ። ከአቦምሳ የመጡ አንዲት አሮጊት ዘመዳቸው ይሄን ሁሉ ወጣት መሬት ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ቢያዩ፣ ወደ እኔ ዘንበል ብለው "የሺ መካን ነበረች፤ ይሄን ሁሉ ልጅ መቼ ወለደችው?" አሉኝ። እዚያው ልመልስላቸው አልቻልኩም። ዛሬ ልሞክር።

ኮች የሺ የአቦምሳ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ለአንድ የአዲስ አበባ ክለብ ረጅም ርቀት ሮጠዋል፤ አገር የሚያውቀው ስም ግን አልነበራቸውም። "እኔ ሁልጊዜ ከሚሸለሙት ቀጥሎ ነበርኩ" እያሉ ይስቁ ነበር። አግብተው ናዝሬት ገቡ። አዳማን እስከ መጨረሻው ናዝሬት እንዳሉ ነው። ከሰፈር ልጆች ጀምረው ማሰልጠን ያዙ። አጭር፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ማለዳ ኪዳን አስደርሰው በቀጥታ ወደ ሜዳ ስለሚመጡ ከቱታቸው ላይ ነጠላ አይጠፋም ነበር። አላፊ አግዳሚው ቱታና ነጠላውን አይቶ ይስቃል፤ እሳቸው ግድ የላቸውም።

ረጅም ልምምድ ስንሠራ በባጃጅ ከጎናችን ይከተሉናል። ከኋላ ወንበር ላይ በጎን ተቀምጠው፣ አንድ እግራቸውን ወደ ውጭ አውጥተው፣ ልክ ጎረቤት ከጎረቤት እንደሚያወራ በዝግታ ያወሩናል። ጮኸው አያውቁም። ባለ ባጃጁ ሰውዬ ፍጥነቱን ከእኛ ጋር ማስተካከል ከመልመዱ የተነሳ "እኔም እኮ ማራቶን ጨርሻለሁ" እያለ ይቀልድ ነበር።

እኔ ወደ እሳቸው የሄድኩት አባቴ በሞተ ሰሞን ነው። ሯጭ የመሆን ሐሳብ አልነበረኝም፤ ቤት ውስጥ መቀመጥ ስላቃተኝ ብቻ አንዲት የሰፈር ልጅ ተከትዬ ወጣሁ። በመጀመሪያው ቀን በሶደሬ መንገድ ነበር የምንሮጠው። ከመነሻው ሁሉንም ጥዬ ሄድኩ። ደረቴ እስኪቃጠል ሮጥኩ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል እግሬ እንደ ግንድ ከበደኝ፤ ጥያቸው የሄድኩት ልጆች አንድ በአንድ እያለፉኝ ሄዱ። መጨረሻ ላይ መንገዱ ዳር ቆሜ ጉልበቴን ይዤ ሳለከልክ ባጃጇ አጠገቤ ቆመች።

"ስምሽ ማን ነበር?" አሉኝ።

"ሰናይት።"

"ሰናይት፣ ከማን ነው የምትሸሺው?"

መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ለቅሶ ቀደመኝ። ከባጃጇ ወርደው ባለ ባጃጁን "አንተ ልጆቹን ተከተል" አሉትና አብረውኝ በእግር መሄድ ጀመሩ። ስለ አባቴ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ "ሐዘንን ሮጠሽ አታመልጪውም" አሉኝ። "ከጎንሽ አድርጊውና እኩል ሂጂ። ቀድሞ የሚደክመው እሱ ነው።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓመታት አብሬያቸው ሮጥኩ። አንድም ውድድር አላሸነፍኩም፤ ግን ሳልጨርስ የቀረሁበት ውድድር የለም።

ስለ እምነት ስብከት የሚሰብኩ ሴት አልነበሩም። የሚናገሩት ሁሉ ስለ ሩጫ ይመስላል፤ ቤትሽ ገብተሽ ስታስቢው ነው ስለ ሩጫ ብቻ እንዳልሆነ የሚገባሽ። አንድ ቀን ብቻ ሁለቱን አንድ ላይ አስረው ተናገሩ። ለቢሾፍቱ ውድድር እየተዘጋጀን ነበር፤ አንዱ ልጅ "ኮች፣ ከባዱ የመጨረሻው ነው አይደል?" ብሎ ጠየቃቸው።

"አይደለም" አሉ። "መነሻው ላይ ሰው አለ። መድረሻው ላይም ሰው አለ፤ ያጨበጭብልሃል። መሃሉ ላይ ያለው አህያና ነፋስ ብቻ ነው። ሯጭ የሚለየው እዚያ ነው። ክርስትናም እንደዚያው ነው። ስትጠመቅ እልል ይባልልሃል፤ ስትሞት ሰው ይሸኝሃል። በመካከል ያለውን ግን ማንም አያይልህም።"

ያኔ ጥሩ አባባል ነው ብዬ አለፍኩት። የገባኝ ቤታቸው የሄድኩ ቀን ነው።

ባለቤታቸው ጋሽ ለማ የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሹፌር ነበሩ። መተሐራ አካባቢ መኪናቸው ተገልብጦ ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ አቃታቸው። እኔ ኮች የሺን ሳውቃቸው ጋሽ ለማ አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ኮች ግን ሜዳ ላይ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ "ክንዴን አሞኛል፤ ፍራሽ ታነሺልኛለሽ" ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ገብቼ ሳይ ፍራሹ ላይ አንድ ግዙፍ፣ ፂማቸው በደንብ የተላጨ፣ ፈገግተኛ ሰው ተኝተዋል።

ሁለታችን ሆነን አገላበጥናቸው። ኮች ጀርባቸውን በለብ ባለ ውሃ አጠቡ፣ አደረቁ፣ ቅባት ቀቡ። ያን ሁሉ ዘመን ተኝቶ የኖረ ጀርባ ላይ አንድም ቁስል አልነበረም። እኔ ተሳቅቄ ወዲያ ወዲህ ስል ጋሽ ለማ ገባቸውና "ሰናይት፣ የዚህ ቡድን አንጋፋ ሰልጣኝ እኔ ነኝ" አሉኝ። "ሌላውን ሁሉ ሩጥ ትላለች፤ እኔን ብቻ ነው ጋደም በል የምትለኝ።"

"እሱንም በደንብ አይሠራም" አሉ ኮች ፎጣውን እያጠፉ።

ስወጣ እስከ አጥር በር ሸኙኝ። "አይደክምዎትም?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥያቄው ከአፌ ከወጣ በኋላ አፈርኩበት።

"ይደክመኛል እንጂ" አሉ። "ባለፈው ተናድጄ ትራሱን ወርውሬበታለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አነሳሁትና መልሼ ከራሱ ሥር አደረግኩለት። ሌላ ምን ይደረጋል?" የአጥሩን በር ከፈቱልኝ። "ምን ያህል ዓመት እንደቀረኝ አላስብም፤ ካሰብኩት ዛሬውኑ እወድቃለሁ። ስትደክሙ ምን ነበር የምላችሁ? እስከሚቀጥለው የመብራት ምሰሶ ብቻ ሩጡ። እኔም ባሌን የማስታምመው እስከሚቀጥለው ምሰሶ ነው። እዚያ ስደርስ እግዚአብሔር ሌላ ምሰሶ ያሳየኛል።"

ጫልቱ ከሁላችንም የምትበልጥ ሯጭ ነበረች። የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት፤ እናቷ ገበያ ላይ እህል ይሸጣሉ። ኮች አንድ የትምህርት ቤት ውድድር ላይ አይተዋት፣ እናቷን አስፈቅደው ወደ አዳማ አመጧት። ማረፊያ ስላልነበራት የጓሯቸውን ክፍል ሰጧት፤ ጋሽ ለማ እንደ ልጃቸው ወደዷት። ሜዳ ላይ አማርኛው ሲጠፋት ኮች በኦሮምኛ ያስረዷታል፤ ዳገት ላይ ስትደክም "ጀባዱ፣ ጫልቱ፣ በርቺ" ሲሉ ድምፃቸው የሚለወጠው ለእሷ ብቻ ነበር።

ከዚያ ማሸነፍ ጀመረች። ውጭ አገር ሄዳ አሸንፋ መጣች። ብዙም ሳትቆይ አዲስ አበባ ሌላ አሰልጣኝና ወኪል ያዘች፤ ጓሮ ያለውን ክፍል ለቃ ስትሄድ ኮች ዕቃዋን በባጃጅ ጭነው እስከ መናኸሪያ ሸኟት። ወራት አለፉ፤ አንድ ቀን ማለዳ ሜዳ ላይ እያፍታታን ሳለ አንዱ ልጅ ስልኩ ላይ ሬዲዮ ከፈተ። ጫልቱ ናት። ጋዜጠኛው "ለዚህ ያበቃሽ ማን ነው?" ሲላት "ማንም የለም፣ በራሴ ጥረት ነው የመጣሁት" አለች።

ሁላችንም ዞር ብለን ኮችን ለማየት ፈራን። እሳቸው ቃለ መጠይቁ እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ። ሲያልቅ "ድምጿ ደህና ነው። ስትሄድ የያዛት ጉንፋን ለቋታል" አሉ። ከዚያ "ተነሱ እንጂ፣ ሰውነታችሁ ይበርዳል" አሉን። የዚያን ቀን ባጃጇ ላይ ተቀምጠው ምንም አላወሩንም።

ጫልቱ የተመለሰችው የተረከዟ ጅማት ተጎድቶ፣ ወኪሉም ስልኳን ማንሳት ትቶ፣ ብዙ ውድድር ካመለጣት በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ። ኮፍያዋን ወደ ግንባሯ ዝቅ አድርጋ የሜዳው አጥር ላይ ተደግፋ ቆማለች፤ ለመግባት አልደፈረችም። ኮች ሲያዩዋት ሰዓታቸውን ለእኔ አቀበሉኝና ወደ እሷ ሄዱ።

"አካም ቡልቴ?" አሏት፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል። ከዚያ ጎንበስ አሉና "የትኛው ነው?" ብለው ተረከዟን በእጃቸው ያዙ።

ከማግስቱ ጀምሮ ልምምዳችን ከመጀመሩ በፊት ከእሷ ጋር በዝግታ የሜዳውን ዙሪያ ይራመዱ ነበር። እኔ አልተዋጠልኝም። አንድ ቀን ብቻቸውን ሳገኛቸው "ኮች፣ በሬዲዮ እንደካደችዎት ረሱት?" አልኳቸው።

"ማን ረሳ አለሽ?"

"ታዲያ እንዴት ቻሉ?"

"አልቻልኩም፤ እየተለማመድኩ ነው" አሉኝ። "ይቅር የምላት በየማለዳው ነው። ዛሬ ይቅር ብያት እተኛለሁ፤ ሲነጋ ቂሙ ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ ይጠብቀኛል። እንደገና እጀምራለሁ። አንቺ ትናንት ስለሮጥሽ ዛሬ ቀረሽ እንዴ?"

ጫልቱ ይቅርታ የጠየቀችበትን ቀን አስታውሳለሁ። ሦስታችን ከሜዳው ዳር ግራር ሥር ተቀምጠን ነበር። "ኮች፣ ያኔ በሬዲዮ ያልኩት…" ብላ ጀመረች። ሌላ ሰው ቢሆን "ተይው፣ አለፈ" ይል ነበር። ኮች አላሉም። እስክትጨርስ ጠበቋትና "አሞኝ ነበር፣ ጫልቱ" አሉ። "በጣም አሞኝ ነበር። ለማም አልቅሷል።" ጫልቱ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። ኮች ጀርባዋን እያሻሹ ቆዩ፤ ስትረጋጋ "በይ አሁን ጫማሽን እሰሪ፤ ሳታነክሺ እስከዚያ ጥግ እንሂድ" አሏት።

ተረከዟ እንደ ድሮው አልሆነም። ከዚያ በኋላ ትልቅ ውድድር አላሸነፈችም። አርሲ ነገሌ ተመልሳ ዛሬ ራሷ ልጆች ታሰለጥናለች፤ ማን አሰለጠነሽ ሲሏት የማንን ስም እንደምትጠራ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ጋሽ ለማ በክረምት ሞቱ። እኛ "ኮች አሁን ከድካማቸው አረፍ ይላሉ" ስንል እሳቸው ደረቁ። ሜዳ ይመጣሉ፣ ሰዓት ይይዛሉ፣ ስህተታችንን ያርማሉ፤ ውስጣቸው ግን የለም። ከቤተ ክርስቲያን ግን አልቀሩም። አንድ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ በግቢው ግንብ ላይ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

"ሰናይት፣ መጸለይ አቅቶኛል" አሉኝ በድንገት። "አባታችን ሆይ እላለሁ፤ ቃሉ ከከንፈሬ አያልፍም። ያን ሁሉ ዘመን አድንልኝ ብዬ ለመንኩት። አላዳነልኝም። ማን ፊት ቆሜ እንደምለምን ግራ ገብቶኛል።"

"ታዲያ ለምን ይመጣሉ?" አልኳቸው።

"አንቺ ልምምድ ስትመጪ የነበረው ደስ ባለሽ ቀን ብቻ ነው?" አሉ። "ስንት ቀን እያለቀስሽ ጫማ አስረሻል። እኔም እግሬን እያመጣሁለት ነው። እግሬ ይቅደም፤ ልቤ ከኋላ ይደርሳል። ባይደርስም እግሬ እዚህ ይገኝ።"

ሰው እምነቱ ሲደርቅበት ወይ ይደብቀዋል ወይ ይተወዋል ብዬ ነበር የማስበው። እሳቸው ሁለቱንም አላደረጉም። የእኔም ልብ የደረቀበት ዘመን ነበር፤ ያንን ንግግር ባልሰማ ኖሮ የት እሆን እንደነበር አላውቅም። ለዚህ ነው ስማቸው ሲነሳ ከሐዘን ይልቅ ምስጋና የሚቀድመኝ።

ያ ድርቀት ቶሎ አልለቀቃቸውም። ክረምቱ አልፎ በጋ ገባ፤ ጾሙ ተጀመረ። አንድ ቀን ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ድምፅ "እግዚኦ መሐረነ" ሲል ከሴቶቹ መካከል የእሳቸው ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ስንወጣ ዓይናቸው አብጦ ነበር። ምንም ሳልጠይቃቸው ክንዴን ያዝ አደረጉና "ደረሰ" አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ሕመማቸው የተገኘው ዘግይቶ ነው። ካንሰር ነው፣ ተሠራጭቷል ተባለ። ሐኪሙ ሲነግራቸው አብሬያቸው ነበርኩ፤ "እንግዲህ ልጆቹን ማን እንደሚይዛቸው ልይ" አሉ። ከእኛ መካከል አንዱን መርጠው ሜዳውን አስረከቡ። መሄድ እስኪያቅታቸው ድረስ በባጃጅ እየመጡ ከዳር ሆነው ያዩ ነበር።

እኛ ተራ ገብተን እናስታምማቸው ጀመር፤ ጫልቱ የምታሰለጥናቸውን ልጆች ለሌላ ሰው አደራ ሰጥታ መጥታ እዚያው ጓሮ ክፍል ገባች። ምግብ ስናጎርሳቸው እሺ ይላሉ። መድኃኒት ስንሰጣቸው ይውጣሉ። መታጠብ ላይ ሲደርስ ግን ሁላችንንም ያስወጡና በሩን ዘግተው ግድግዳ እየተደገፉ ብቻቸውን ይታገላሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ የመውደቅ ድምፅ ሰምተን ገባን። ወለሉ እርጥብ ነው፤ እሳቸው አልጋው እግር ሥር ተቀምጠዋል። አልተጎዱም፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ላይ ፍርሃት አየሁ።

አንስተን አልጋው ላይ አስተኛናቸው። ጫልቱ ውሃ ሞቅ አድርጋ በሳፋ ይዛ መጣች። ኮች ብርድ ልብሱን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

"ጫልቱ፣ ተይ" አሉ። "አንቺ እኔን ልታጥቢ አልመጣሽም።"

"ምን ላደርግ ነው የመጣሁት ታዲያ?" አለች ጫልቱ።

"ባሌን ያን ሁሉ ዘመን አጥቤያለሁ። ማጠብ አውቃለሁ። መታጠብ ግን…" ወደ ግድግዳው ዞሩ። "ይሄኛውን ልምምድ አልሠራሁትም። ከብዶኛል።"

ጫልቱ ሳፋውን ወለል ላይ አስቀመጠችና አልጋው ግርጌ ተንበረከከች። እያለቀሰች አልነበረም፤ ድምጿ የተረጋጋ ነበር። "ኮች፣ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ካህኑ የሰው እግር ሲያጥቡ እርስዎ ተሰልፈው እግርዎን ይዘረጉ አልነበረም?"

"እሱማ ሥርዓት ነው።"

"እኔስ ካልታጠቡልኝ በምን አውቃለሁ፣ እንደማሩኝ?"

ኮች ከግድግዳው ወደ እሷ ዞሩ። ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል፤ ጎረቤት አንዲት ሴት ልጇን ትጣራለች። ከዚያ ብርድ ልብሱ ተንቀሳቀሰ፤ አንድ እግራቸው ቀስ ብሎ ወጣ። የሯጭ እግር ነው፤ ጥፍሮቹ ጠቁረዋል፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል። ጫልቱ በሁለት እጇ ተቀብላ ውሃው ውስጥ አስገባችው። በሳሙና አሸችው፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር አጠበችው፣ በፎጣ ጠቅልላ አደረቀችው።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉ ኮች፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ሌላኛውን እግራቸውን ራሳቸው አወጡ።